ከአንድ የሽሮ ሜዳ ሱቅ ሁለት ቀሚስ አሰፋሁ

ከዚህ ሱቅ ሁለት ጊዜ ቀሚስ አሰፍቻለሁ። የመጀመሪያው በሕይወቴ ከገዛሁት ልብስ ሁሉ የባሰው ነው። ሁለተኛውን እናቴ ዛሬም ለዓመት በዓል ታወጣዋለች፣ ጎረቤትም «የት አሰፋችሁት?» እያለ ይጠይቃል። ከአምስት ኮከብ ስንት ትሰጫለሽ ብትሉኝ ለመጀመሪያው አንድ፣ ለሁለተኛው አራት እሰጣለሁ። በሁለቱ መሃል አምስት ወር አለ። ስለዚያ አምስት ወር ሳልናገር ስለ ቀሚሶቹ ብቻ ብጽፍ ግማሹን ደብቄያችኋለሁ ማለት ነው።

የሱቁን ስም አልጽፍም። ግምገማ ያለ ስም ምን ይጠቅማል እንደምትሉ አውቃለሁ። ስሙን ግን አንድ ጊዜ ጽፌዋለሁ፣ ያውም በሦስት አካውንት። ያ ምን እንዳስከተለ ከታች ታገኙታላችሁ። ደግሞ ሽሮ ሜዳ ሄዶ ልብስ ለሚያሰፋ ሰው ምን ማየት፣ ምን መጠየቅ እንዳለበት ማወቅ ከአንድ ሱቅ ስም ይበልጥ ይጠቅመዋል። እሱን ሳልቆጥብ እነግራችኋለሁ።

ሽሮ ሜዳን ለማታውቁ፣ ከስድስት ኪሎ ሽቅብ የአሜሪካን ኤምባሲ አልፋችሁ ወደ እንጦጦ በሚወስደው መንገድ ግራና ቀኝ ያለው የሀገር ልብስ ገበያ ነው። ለበዓልና ለሰርግ ሰሞን መተላለፊያ አይገኝም። እኔ የምላችሁ ሱቅ ከዋናው መንገድ ትንሽ ገባ ይላል። ፊት ለፊት ቀሚስና ነጠላ ተሰቅሏል። ከኋላ በቆርቆሮ የተሠራች ጠባብ ክፍል አለች፣ እዚያ ውስጥ አንድ ሽማግሌ ሸማኔ እግራቸውን ጉድጓዱ ውስጥ ከትተው መወርወሪያቸውን ግራ ቀኝ ሲወረውሩ ይውላሉ። መጀመሪያ የሳበኝም እሱ ነው። ሸማኔው እዚያው ካለ ጨርቁ እውነተኛ ነው ብዬ አመንኩ። አትመኑ። ሸማኔው መኖሩ እናንተ የምትወስዱትን ጨርቅ እሱ ሠራው ማለት አይደለም።

ታናሽ እህቴ ያገባችው በጥር 2015 ነው፣ ከጥምቀት ቀጥሎ ባለው እሑድ። ለእናቴ ቀሚስ ማሰፋት የእኔ ድርሻ ሆነ። እናቴ አራት ልጅ ስታሳድግ ለራሷ አዲስ ልብስ ስትገዛ አይቼ አላውቅም፣ አክስቶቼ የሰጧትን ነበር የምትለብሰው። «እማዬ፣ ይሄን ጊዜ ተለክተሽ፣ ጥለቱን ራስሽ መርጠሽ ነው» አልኳት። ይዣት ሄድኩ። ጥለት ለመምረጥ አንድ ሰዓት ሙሉ ፈጀባት፣ አንዱን ታነሳለች፣ ሌላውን ታነሳለች፣ ወደ ብርሃን ወስዳ ታየዋለች። በመጨረሻ ወይን ጠጅ ከወርቃማ ጋር መረጠች። በ9,500 ብር ተስማማን፣ 5,000 ቀብድ ከፈልኩ። በእጅ የተሸመነ ፈትል፣ ጥለቱም አብሮ የተሸመነ፣ ብሎናል ባለሱቁ። ሁሉም በቃል ነው። ደረሰኝ አልጠየቅኩም።

ቀሚሱ ከሰርጉ 10 ቀን ቀደም ብሎ ሊደርስ ነበር። «ነገ ነይ።» «ከሰዓት ደውይ።» «ሰፊው አሞታል።» የደረሰው በሰርጉ ዋዜማ ከመሸ ነው። ጠዋት ስትለብሰው ክንዷ ላይ ይጠብቃል፣ ደረቷ ላይ ይሰፋታል። እሱስ ይሁን። ጥለቱ ግን የሸማኔ እጅ አልነካውም። ከታተመ ጨርቅ ተቆርጦ ጠርዝ ጠርዙ ላይ ተሰፍቶበታል። እኩለ ቀን ላይ ሙቀቱ ሲበረታ፣ እናቴም ላቧ ሲመጣ፣ ወይን ጠጁ ቀለም ነጩ ላይ ለቀቀ። ከአንገቷ እስከ ደረቷ።

የሰርጉን አልበም ብታዩት እናቴ በሁሉም ፎቶ ላይ ነጠላዋን አንገቷ ስር ሰብስባ በአንድ እጇ ይዛዋለች። ሙሽራዋን ስታቅፍ በአንድ እጇ ነው። ስትጨፍር በአንድ እጇ ነው። ኬክ ሲቆረስ በአንድ እጇ ነው። አንድም ቃል አልተናገረችም። ማታ ቤት ገብተን ቀሚሱን ስታወልቀው አጣጥፋ ፌስታል ውስጥ ከተተችውና «ቆንጆ ሰርግ ነበር» አለች። እኔ መታጠቢያ ቤት ገብቼ አለቀስኩ።

ሰኞ ጠዋት ሱቁ ሄድኩ። ባለሱቁ «አጠባበሽ ነው» አለኝ። አልታጠበም አልኩት። «እንግዲህ ወስደሻል፣ ተለብሷል፣ ምን ላድርግሽ?» ብሎ ሌላ ደንበኛ እያየ ጀርባውን ሰጠኝ። ከዚያ ስልኬን ብሎክ አደረገው።

እዚህ ላይ ማድረግ የምችለው ነገር ነበረ። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 የሚባል ሕግ አለ፣ ጉድለት ያለበት ዕቃ የገዛ ሰው በ15 ቀን ውስጥ እንዲቀየርለት ወይም ገንዘቡ እንዲመለስለት መጠየቅ ይችላል ይላል። ጓደኛዬ ያኔውኑ ነግራኛለች። አልሄድኩበትም። ገንዘቤን አልነበረም የፈለግኩት። እሱ እንዲጎዳ፣ ሰው ፊት እንዲያፍር፣ እናቴ እንደተሰማት እንዲሰማው ነበር የፈለግኩት። መብትን መጠየቅና መበቀል ያኔ አንድ ነገር ይመስሉኝ ነበር።

ስለዚህ ጻፍኩ። በመጀመሪያው አካውንት የደረሰብኝን እንዳለ ጻፍኩት፣ ከነፎቶው። ይሄኛው እውነት ነበር። በሁለተኛው ሌላ ሙሽራ መስዬ ጻፍኩ። በሦስተኛው ደግሞ «የአሥር ሰው ቀብድ በልቶ ጠፍቷል» አልኩ። ይሄ ውሸት ነው። ጉግል ማፕ ላይ፣ በሰርግ ዕቃ የቴሌግራም ግሩፖች፣ የቲክቶክ ኮሜንት ስር ሳይቀር ለጠፍኩት። የአክስቴን ልጆች አስተባብሬ «እኔንም እንዲሁ አድርጎኛል» አስባልኳቸው። ማታ ማታ ተኝቼ ኮሜንቶቹን አነባለሁ። አንድ ሰው «ልሄድ ነበር፣ ተረፍኩ» ብሎ ሲጽፍ ደረቴ ይሞቃል። ጣመኝ። ይሄን ካልነገርኳችሁ ቀሪው ሁሉ ውሸት ይሆናል። በቀል ይጥማል፣ በተለይ ከመሸ።

ቀን ግን አለቅኩ። ሰሃን ሳጥብ ከእሱ ጋር እከራከራለሁ። ታክሲ ውስጥ ከንፈሬ ሲንቀሳቀስ አጠገቤ የተቀመጠ ሰው ያየኛል። ያልተናገርኩትን መልስ አምሮ እስኪወጣ ድረስ ሃያ ጊዜ ደጋግሜ እናገረዋለሁ። ሥራዬን በትክክል መሥራት አቃተኝ፣ ከባለቤቴ ጋር እራት ላይ ሆነን እንኳን ወሬው ተመልሶ ተመልሶ እዚያው ሱቅ ይገባል። አንድ ቀን እናቴ ቡና እየቆላች ቀና ብላ አየችኝና «አሁንም ከሰውዬው ጋር ነሽ?» አለችኝ። ማንን ነው ማለት እንኳን አላስፈለገኝም። «ለአንቺ ብዬ እኮ ነው» አልኳት። «ለእኔ ከሆነ እኔ ጨርሻለሁ» አለች። ተናደድኩባት። በደሉን ከእሷ ይልቅ እኔ አጥብቄ ይዤው ነበር፣ ልቀቂ ስትለኝ የቀማችኝ መሰለኝ።

በእኛ ዘንድ ይሄ ነገር ሥር ያለው ነው። በየሰፈሩ ስንት ደመላሽ አለ? ካሳና ምትኩ ላዘነ ሰው ማጽናኛ ስሞች ናቸው። ደመላሽ ግን ገና መራመድ ሳይጀምር ሥራ የተሰጠው ልጅ ነው። አያቴ «የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም» ትል ነበር። «ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት» የምትለውም እሷው ነበረች። ሁለቱንም ከአንድ አፍ ሰምቼ አደግኩ፣ የሚመቸኝን ነበር የማስታውሰው።

ከዚያ ዐቢይ ጾም ገባ። 55 ቀን ነው። ማታ «አባታችን ሆይ» ስል «እኛም የበደሉንን ይቅር እንደምንል» የሚለው ጋ ስደርስ ምላሴ ይፈጥናል። ቶሎ ብዬ አልፈዋለሁ። ሌላው ቃል ሁሉ በዝግታ ነው የሚወጣው፣ እሱ ብቻ ሲሆን እሮጣለሁ። አንድ ቀን መሮጤን ራሴ ያዝኩት። ከዚያ በኋላ እንዳልታወቀኝ መሆን አልቻልኩም።

በሆሣዕና ሰሞን ሽሮ ሜዳ ሄድኩ። የሄድኩት ሱቁን ባዶ ሆኖ ለማየት ነው፣ ሌላ ጉዳይ አልነበረኝም። ለፋሲካ ገበያው ሁሉ ይጋፋል። እሱ ጋ ሁለት ሰው እንኳን የለም። ደስ አለኝ። ባለሱቁም አልነበረም። ከኋላ ገባ ስል ሽማግሌው ሸማኔ ዕቃቸው ላይ ተቀምጠዋል፣ ድሩ ተወጥሯል፣ እጃቸው ግን አይሠራም።

«አባቴ፣ ገበያ እንዴት ነው?» አልኳቸው።

«ገበያማ ጠፋ ልጄ። ስልክ ላይ ስማችንን አጠፉት አሉ።»

አላወቁኝም። ቁጭ በይ ብለው በርጩማ ሰጡኝ። የሚከፈላቸው በሠሩት ልክ ነው፣ ጨርቅ ሲወጣ ይከፈላል፣ ካልወጣ የለም። ቤታቸው ሆነው ጥጥ የሚፈትሉት ባለቤታቸው ናቸው፣ ትእዛዝ ከቆመ የእሳቸውም ፈትል ይቆማል። ባለሱቁስ አልኳቸው። «እሱ መርካቶም ሱቅ አለው፣ ምን ይሆናል» አሉ። ስለዚያ ስለታተመ ጥለት ጠየቅኳቸው፣ እንደማላውቅ ሆኜ። የሰርግ ሰሞን ከአቅሙ በላይ ትእዛዝ ይቀበላል፣ እኔና ሌሎቹ ሸማኔዎች አልደርስ ስንለው ከመርካቶ የታተመ እያመጣ ያሰፋል፣ ተው ብየዋለሁ አልሰማኝም አሉ። የእናቴን ጥለት እሳቸው አይተውትም አያውቁም።

አምስት ሺህ ሰው ያለበት ግሩፕ ላይ የወረወርኩት ድንጋይ ማን ላይ እንዳረፈ ያኔ አየሁ። ባለሱቁ መርካቶ ነው። እኔ የመታሁት እኚህን ሰውና ጥጥ የሚፈትሉትን ሚስታቸውን ነው።

«የጻፈውን ሰው ቢያገኙት ምን ይሉታል?» አልኳቸው። ድምፄ ተንቀጥቅጧል መሰለኝ ቀና ብለው አዩኝ።

«አንዷ እናቷ በሰርግ ላይ አፍራለች አሉ። እውነት ከሆነ እሷ ልክ ናት። ግን ለምን መጥታ አልነገረችኝም? ጥለቱን እኔ እሠራላት ነበር» አሉ።

መልስ አልነበረኝም። ወሬ ለመቀየር አገርዎ የት ነው አልኳቸው። ዶርዜ አሉ። ጋሞ ማለት ነው፣ ከአርባ ምንጭ በላይ ያለው ደጋ። በሽሮ ሜዳ ሸማኔዎች ዘንድ የተለመደ ነው፣ አብዛኞቹ ከጋሞ ደጋ የመጡ ናቸው። እኔ ግን ዶርዜ የሚለውን ቃል ስሰማ ሌላ ነገር መጣብኝ።

መስከረም 2011ን ታስታውሳላችሁ። ቡራዩ ላይ ሰው ተገደለ፣ ብዙ ሕዝብም ተፈናቀለ፣ ከተጎጂዎቹ መካከል የጋሞ ተወላጆች ብዙ ነበሩ፣ በሽመና የሚተዳደሩም ነበሩባቸው። ወሬው አርባ ምንጭ ሲደርስ ወጣቱ አጸፋ ለመመለስ ወጣ። የጋሞ አባቶች እርጥብ ሳር በእጃቸው ይዘው ወጣቶቹ ፊት ተንበረከኩ። በጋሞ ባህል አባቶች ሳር ይዘው ከተንበረከኩ እነሱን ተራምዶ ማለፍ አይቻልም። ወጣቶቹም ተመለሱ። ያንን ፎቶ ያኔ ገጼ ላይ ለጥፌ «ኩራታችን» ብዬ ጽፌበታለሁ። ብዙ ሰው ወዶልኛል።

የእኔ ነገር ከዚያ ጋር አይወዳደርም። የእኔ ቀሚስ ነው፣ እዚያ የሞተ ሰው ነበረ። ግን ከሽማግሌው ፊት በርጩማ ላይ ተቀምጬ አንድ ነገር ገባኝ። የዚያ ቀን መንበርከክ «ምንም አልደረሰባችሁም» ማለት አልነበረም። ደርሶባቸዋል። አባቶቹ የቆሙት አርባ ምንጭ ውስጥ ሱቁን ከፍቶ የተቀመጠ፣ ቡራዩን ረግጦ የማያውቅ ሰው ጋ በቀሉ እንዳይደርስ ነው። የእኔው ግን ደርሷል። ማንም መንገድ ላይ አልቆመብኝም። እናቴ ቆማ ነበር፣ እሷን ተራምጃት ሄድኩ።

«እኔ ነኝ የጻፍኩት» አልኳቸው።

ዝም አሉ። ከዚያ «ሁሉንም?» አሉኝ። ሦስቱንም አልኳቸው። ሁለቱ ውሸት እንደሆኑም ነገርኳቸው። አልተቆጡም፣ አላባበሉኝምም። «ከፋሲካ በኋላ ነይ፣ እሱም ይኖራል» ብለው መወርወሪያቸውን አነሱ።

ማታውን ሁለቱን ውሸቶች አጠፋሁ። እውነተኛውን ተውኩት፣ ስድቡን ብቻ አወጣሁለት። በማግስቱ ቀለለኝ ብዬ ብነግራችሁ ደስ ይለኝ ነበር፣ አልቀለለኝም። የተሸነፍኩ መሰለኝ። ሦስት ቀን ሙሉ «እሱ እኮ ነው የጀመረው» እያልኩ ዞርኩ።

ከዳግማ ትንሣኤ በኋላ ሄድኩ። ሽማግሌው፣ ጎን ካለው ሱቅ ክር የሚሸጡ አንዲት እናት፣ ባለሱቁና እኔ። ቡና ተፈላ። መጀመሪያ እኔ እንድናገር ተደረገ። ሁለቱን ጽሑፍ በውሸት እንደጻፍኩ፣ የአክስቴን ልጆችም እንዳስጻፍኩ ተናገርኩ። ባለሱቁ ተነስቶ ቆመ። «አንቺ ነሽ! ሦስት ወር ሙሉ ጠላት ያሠራብኝ መስሎኝ ከስንቱ ተጣላሁ!» ብሎ ጮኸ። እኚያ እናት ሲኒያቸውን እንኳን አላስቀመጡም፣ «ተቀመጥ አንተ፣ ተራህ ይደርሳል፣ አንተም የምትናገረው አለህ» አሉት። ተቀመጠ።

ተራው ሲደርስ የእናቴን ፎቶ ከስልኬ አሳየሁት። ነጠላዋን በአንድ እጇ የያዘችበትን። ሁለተኛውንም አሳየሁት፣ ሦስተኛውንም። ብዙ ዝም አለ። «የሰርግ ሰሞን ነበር፣ ተጣድፌ ነው» አለ። ይሄ ይቅርታ አይደለም። እውነቱን ልንገራችሁ፣ እስከ ዛሬም «ይቅርታ» የሚለው ቃል ከአፉ አልወጣም። ያኔ በዚህ ልቤ ተቃጥሎ ነበር፣ ልነሳና ልሄድ ምንም አልቀረኝም። እኚያ እናት ጉልበቴን ያዝ አድርገው «ከሰው የምትፈልጊውን ጠይቂ፣ ያለውን ይሰጥሻል» አሉኝ። ስለዚህ ጠየቅኩ። ወይ 9,500 ብሬ ይመለስ፣ ወይ ያ የተስማማነው ቀሚስ ይሠራ። እንደዚህ በግልጽ ስጠይቀው የመጀመሪያ ጊዜዬ መሆኑን ያኔ አስተዋልኩ። ሰኞ ጠዋት የሄድኩ ጊዜ ስጮህ ነበር እንጂ ይሄን ስጠኝ አላልኩትም።

«ቀሚሱ ይሠራል» አለ። እኔም በየግሩፑ ተመልሼ ሁለቱ ጽሑፎች ውሸት እንደነበሩ በራሴ ስም እንድጽፍ ተስማማሁ። ይሄኛው ከሁሉም ከበደኝ። ጻፍኩት። «ስንት ከፈለሽ?» ያሉኝ አሉ፣ የባሰም ያሉኝ አሉ። አልመለስኩላቸውም።

አሁን ስለ ሁለተኛው ቀሚስ። እናቴ በግንቦት ድጋሚ ተለካች። ባለሱቁ ራሱ ነው ሜትሩን የያዘው፣ ክንዷን ሁለቴ ለካው። ጥለቱን ሽማግሌው ሸመኑት፣ ያንኑ ወይን ጠጅና ወርቃማ። ሁለት ሳምንት ፈጀ። ከመቆረጡ በፊት ጨርቁን አውጥተው አሳዩን፣ እናቴ በጣቷ እየዳሰሰች ከዳር እስከ ዳር ሄደችበት። በእጅ የተሸመነ ጥለት ሲዳሰስ ከፍ ዝቅ ይላል፣ ገልብጣችሁ ጀርባውን ብታዩት ባለቀለሙ ክር እየገባ እየወጣ እንደሄደ ይታያል። የታተመው ግን ፊቱ ይደምቃል፣ ጀርባው ይገረጣል፣ ሲዳሰስ ለጥ ያለ ነው። ይሄን ብቻ ብናውቅ ኖሮ መጀመሪያም አንታለልም ነበር። ሌላው፣ ነጭ ጨርቅ በውሃ አርጥባችሁ ጥለቱ ላይ ሸት ሸት አድርጉት። ቀለም ከያዘ አትውሰዱ። ባለሱቁ ከተቆጣም አትውሰዱ።

ስፌቱ ንጹሕ ነው፣ ውስጡ ሳይቀር ተጠቅልሎ ተሰፍቷል። አንገቱ በደንብ ተቀምጧል። ስንት ጊዜ ታጥቧል፣ በቀዝቃዛ ውሃ፣ በእጅ፣ ቀለሙ አልለቀቀም። አንዱን ኮከብ የቀነስኩት በአራት ቀን ስለዘገየና የግራው እጅጌ ትንሽ ረዝሞ ስለመጣ ነው፣ እዚያው ቆመን አሳጠሩልን። ደግሞ መለኪያ ክፍል የለውም፣ መጋረጃ ብቻ ነው፣ ለእናቶች አይመችም። ደረሰኝ ካልጠየቃችሁ አይሰጣችሁም። ጠይቁ። የተስማማችሁትን በወረቀት አስጽፉ፣ የጨርቁን ዓይነት፣ ጥለቱ የተሸመነ መሆኑን፣ ቀኑን። ቀኑን ደግሞ ከምትፈልጉበት ሁለት ሳምንት አስቀድሙት። ለጥር ሰርግ በታኅሣሥ አትሂዱ፣ በጥቅምት ሂዱ።

እናቴ መጀመሪያ የለበሰችው ለመስከረም 1፣ ለ2016 እንቁጣጣሽ ነው። ነጠላዋን ትከሻዋ ላይ ጣል አድርጋ ሁለት እጇን ዘርግታ ነው ፎቶ የተነሳችው። አልበሙ ውስጥ አላስገባነውም፣ ግድግዳ ላይ ነው ያለው።

ንዴቱ ጨርሶ ጠፋ ብዬ አልዋሻችሁም። እህቴ የሰርጓን ቪዲዮ ስትከፍት ዛሬም ሆዴ ውስጥ አንድ ነገር ይገለበጣል። ከቤተሰብም፣ ከሥራ ባልደረባም፣ አከራይም ጋር ቢሆን ሰው ሲበድለኝ መጀመሪያ የሚመጣልኝ ያው የድሮው ነገር ነው። አሁን የማደርገው እንዲህ ነው። የመጣልኝን ሁሉ ስልኬ ላይ እጽፈዋለሁ፣ አልልከውም፣ አሳድረዋለሁ። ጠዋት አንብቤ ሰውየው ሊያስተካክለው የሚችል ነገር ካለበት ያንን ብቻ አወጣና በቀጥታ ለራሱ እነግረዋለሁ። የቀረው ለማቁሰል ብቻ የተጻፈ ነው፣ እሱን አጠፋዋለሁ። አንዳንዴ ከአንድ ገጽ አንድ መስመር ነው የሚተርፈው። አንዳንዴ ሰውየው ጠይቄውም አይመልስልኝም፣ ያኔ ሕግ ካለ ወደ ሕግ፣ ሽማግሌ ካለ ወደ ሽማግሌ እሄዳለሁ። ሁለቱም በሌሉበት በጣም ይከብዳል። እንደዚያ ያለ አንድ ጉዳይ አሁንም አለኝ፣ እሱን ገና አልቻልኩትም።

ባለፈው ሳምንት እዚያው ሱቅ ሄጄ ነበር። ሽማግሌው ዓይናቸው ደከም ብሏል፣ ልጃቸው አብሯቸው እየሠራ ነው። ለራሴ ቀሚስ አዘዝኩ፣ አረንጓዴ ጥለት። ባለሱቁ ለኅዳር ሚካኤል ይደርሳል ብሎኛል። 3,000 ብር ቀብድ ከፍያለሁ፣ ደረሰኙ ቦርሳዬ ውስጥ ነው፣ የተስማማነውም ተጽፎ ሁለታችን ፈርመንበታል። ስልኬንም ከብሎክ አውጥቶታል። ቀኑ ደርሶ ቀሚሱ ካልደረሰ ደውዬ እጠይቀዋለሁ።